እህቴ፣ ራውተሩና አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል

ታላቅ እህቴን የሰፈሩ ሰው «ሰጋቱራ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ቤት ስትገባ ከፀጉሯ፣ ከኪሷ፣ አንዳንዴም ከካልሲዋ የሚራገፈው የእንጨት ብናኝ ነው። እሷ አትቀየምም። «ሥራ ፈት ከሚሉኝ ይሻላል» ትላለች።

እንጨት ቤቱ ሲቀጥራት ሥራዋ ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አለሰለሰች። ዓይኗ ግን ራውተሩ ላይ ነበር፤ የኢንተርኔቱ ሳይሆን፣ በሁለት እጀታ ተይዞ እንጨት ላይ ቦይ የሚያወጣው ማሽን። በእሱ የሚሠራው ሰውዬ ሲለቅ ዋናው አናጢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ «እስቲ ሞክሪው» አሏት። የዚያን ቀን እንደ ልጅ እየዘለለች ነው ቤት የገባችው።

ደስታው ሳምንት አልሞላም። ለአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት መደርደሪያ ታዘዘ። በጎንና በጎን በሚቆሙት ጣውላዎች ላይ ቦይ ይወጣል፤ መጽሐፍ የሚሸከሙት ተራዎች እዚያ ውስጥ ይገባሉ። እህቴ ቀጥ ያለ መደገፊያ በሞርሳ አጥብቃ፣ የማሽኑን ክብ መቀመጫ እሱ ላይ አስደግፋ ትነዳለች። ቦዩ ሲጀምር ልክ ነው፤ መሀል ሲደርስ ግን ወደ ጎን ይሸሻል። ቀጥ ያለ ተራ እንዲህ ያለ ቦይ ውስጥ በጄ ብሎ አይገባም።

«ሰጋቱራ፣ መደርደሪያ ነው እባብ የምትሠሪው?» አለ የእንጨት ቤቱ ቀለም ቀቢ።

ጋሼ አልሳቁም። «ልጄ፣ ሁለት ጣውላ አበላሸሽ። ነገ ሦስተኛው ከተበላሸ ወደ ብርጭቆ ወረቀትሽ ነሽ።»

እራት ላይ እጇን ዘርግታ ታየው ጀመር። «ይንቀጠቀጣል እንዴ?»

«ልጄን የማስይዘው ለዚህ እጅ አይደል? እጅሽ ምንም አልሆነም» አልኳት። «ማሽኑን አይተሽዋል?» ስለ እንጨት የማውቀው ነገር የለኝም፤ ግን የልብስ ስፌት መኪናዬ ሲያጣምምብኝ ራሴን ከመርገሜ በፊት መርፌውን ነው የማየው።

በማግስቱ ልጄን አዝዬ ምሳ ይዤላት ሄድኩ። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላ፣ ገልብጣ፣ በማስመሪያ ስትለካ አገኘኋት።

«ነይ እይልኝ!» አለች ሰላም እንኳ ሳትለኝ። «ከስለቱ እስከ ጠርዙ በዚህ በኩል ሰባ አምስት ሚሊ ነው። በዚህ በኩል ሰባ ስድስት ተኩል! መቀመጫው ክብ ነው፣ ስለቱ ግን መሀሉ ላይ አይደለም።»

ጣውላው ረጅም ስለሆነ እየተራመደች ነው የምትነዳው። ስትራመድ ሰውነቷ ይዞራል፣ ማሽኑም እጇ ላይ አብሯት ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ስለቱ ከመደገፊያው ይርቃል ወይም ይጠጋል። የቀድሞው ሰውዬም ለካ ያጣምም ነበር። እሱ ቦዩን አስፍቶ፣ ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ እየደፈነ ስንት ዓመት ኖሯል!

«የጥፍር ቀለም ይዘሻል?»

ከዳይፐርና ከብስኩት መሀል ፈልጌ ሰጠኋት። መቀመጫው ጠርዝ ላይ አንድ ቀይ ነጥብ አደረገች። ከእንግዲህ መደገፊያውን የሚነካው ነጥቡ ብቻ ነው፤ መዞር ካለባት እሷ ትዙር እንጂ ማሽኑ አይዞርም። ቁርጥራጭ እንጨት ላይ ሞከረች፤ መጀመሪያ ስስ አድርጋ፣ ቀጥሎ ጠለቅ አድርጋ። ማስመሪያ አስጠጋችበት። ቀጥ ብሏል።

ጋሼ ሦስተኛውን ጣውላ ራሳቸው ተሸክመው አመጡ። ቀለም ቀቢው ብሩሹን አስቀመጠ። እህቴ መነጽሯን አጠለቀች፤ ማሽኑ ጮኸ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈች። እህቴ በጎኗ እየተራመደች፣ ዓይኗን ከነጥቡ ሳትነቅል ነዳች። መሀል ላይ ቅርንጫፍ የበቀለበት ጠንካራው የእንጨቱ ዓይን አጋጠማትና ማሽኑ ተንገጫገጨ። እሷ ዘገም አደረገችው እንጂ ነጥቡን አላስለቀቀችም። ደግማ ጠለቅ አድርጋ ነዳችውና ማሽኑን አጠፋችው።

ጋሼ ብናኙን በእጃቸው ጠርገው ተራውን አስገቡ። ሸርተት ብሎ ገባ። በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ኮላ ሳይነካው ጣውላውን ገልብጠው ብድግ አደረጉት፤ ተራው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ነቀነቁት። አልወደቀም።

«አንቺ! ይሄንን ማን አሳየሽ?»

«ማስመሪያው፣ ጋሼ።»

ሳቁ። የእኚህን ሰው ጥርስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወደ ቀለም ቀቢው ዞረው «አሥራ አምስት ቦይ ይቀራል። ከእሷ ሌላ ይህን ማሽን የሚነካ እንዳላይ» አሉ።

እህቴ ምሳዋን ቆማ በላች፤ በአንድ እጇ ማንኪያ፣ በሌላው የማሽኑን እጀታ ይዛ።