የእህቴ ኑሮ በቦሎቄ የተለካ ዕለት

ደርግ ከወደቀ አሥር ዓመት ግድም ቢሆነው ነው። ዓመተ ምሕረቱን በትክክል አልይዘውም። ወቅቱ ግን በልግ ነበር፤ ቦሎቄ የሚዘራበት። እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም። ሰሞኑን ቤታችን አንድ ነገር ሆነና ቀሰቀሰብኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ስሕተት ብታገኙ እለፉኝ።

የምንኖረው ወላይታ፣ ከጉኑኖ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። እህቴ አስቴር ታናሼ ናት። በልጅነቷ ትኩሳት ይዟት ሁለቱም እግሮቿ ሰለሉ። እናትና አባታችን ሲያልፉ እኔ ዘንድ ሆነች። ሚስቴም ቀድማ አርፋለች፤ ልጄ ሶዶ ነበር የሚማረው። ቤቱ የእኔና የእሷ ብቻ ነበር።

አስቴር ዘር ትለቅማለች። ጎረቤት ሁሉ ሊዘራ ሲል ቦሎቄውን በሰፌድ አድርጎ እሷ ዘንድ ያመጣል። ነቀዝ የገባበትን ፍሬ ገና በጣቷ ስትነካው ታውቀዋለች። ጓዳ ተቀምጣ፣ በትንሿ መስኮት በምትገባው ብርሃን ስትለቅም፣ ፍሬው ሰፌዱ ላይ ሲንከባለል የሚሰማው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ይመስል ነበር። እስከ ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል አስቴር ዘር እየለቀመች ይመስለኛል።

እሑድ እሑድ አዝያት ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ያን ዓመት ግን ወገቤ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፍኳት። ከዚያ ወዲያ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ፤ እኔ የወደቅሁ ዕለት ማን ያዝላታል?

በዚሁ መሐል የአካል ጉዳተኞችን የሚረዳ ድርጅት ሊመዘግብ ነው፣ ዊልቸር ሊሰጥ ነው ተባለ። ጎረቤቴ አንጁሎ መጥቶ መከረኝ።

«ለባሰበት ነው የሚሰጡት። ደህና ነን ያልክ ቀን ወንበሩን ሌላ ሰው ይወስደዋል። አፍህን አሳምር!»

የመጡበት ዕለት ጉም ነበር። ከእንሰቱ መሐል መጀመሪያ አንድ ሰማያዊ ጃንጥላ ብቻውን ሲመጣ አየን፤ የያዘችው መዝጋቢ ልጅ ኋላ ነው የታየችን። ከአዋሳ የመጣች ናት፤ ወላይትኛ አትችልም። ስለዚህ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። አስቴር ጓዳ ነበረች። ልጅቷ «እሳቸው ራሳቸው ይገኙ» ስላለች አቅፌ አውጥቼ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኳት።

ብቻዋን ትታጠባለች ወይ? ሰው ሰላም ይላታል ወይ? የምትወደው ሥራ አላት ወይ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። እንደ ሕልም ነበር የሆነብኝ። በመጨረሻ ከቦርሳዋ የተቋጠረ ጨርቅ አውጥታ አሥር የቦሎቄ ፍሬ ምንጣፉ ላይ ዘረገፈች።

«ጋሼ፣ እንዲህ ይበሉልኝ። አሥሩ በጣም ጥሩ ኑሮ ነው። የራሳቸውን ኑሮ ያህል ቆጥረው ወደዚህ ይለዩልኝ።»

ተርጉሜ ነገርኳት። አስቴር አጎንብሳ ፍሬዎቹን ዳሰሰች፤ ቀስ ብላ ሦስቱን ወደ ጎን ገፋች። ልጅቷ «ሦስት» ብላ ጻፈች።

አስቴር በቋንቋችን እንዲህ አለችኝ፤ «እነዚህን ሦስቱን እንዳትዘሪ በላት። ነቅዘዋል። ማነው ልጅቱን ያታለላት?»

ጥያቄውን ልብ አላለችውም ነበር። ቦሎቄ ፊቷ ሲቀርብ እጇ የለመደውን ሠራ።

«ምን አሉ?» አለች ልጅቷ።

አንጁሎ ትዝ አለኝ። ወገቤ ትዝ አለኝ። «ሦስት ነው አለች» አልኩ።

«ለምን ሦስት ሆነ?»

ያኔ አፌ ተፈታ። ቀኑ ሁሉ ጨለማ ነው ለእሷ አልኩ። ከሰው አትቀላቀልም አልኩ። ደስታ የሚባል አታውቅም፣ ሞቷን ነው የምትለምነው አልኩ። እንባዬ መጣ። ማስመሰል አልነበረም፤ እየተናገርኩት እውነት መሰለኝ። ልጅቷም አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

«ሞቴን አልለመንኩም» የሚል ድምፅ ሰማን።

በአማርኛ ነው! ጥርት ባለ አማርኛ። ለካ እኔ እርሻ ስውል፣ እቤት የተውኩላትን ሬዲዮ ስታዳምጥ ኖራ ቋንቋውን አውቃዋለች። ወደ ልጅቷ ዞራ «አንቺ ልጅ፣ ኢሻ የሚነግርሽ የራሱን ፍርሃት ነው» አለቻት። ኢሻ በኛ ወንድሜ ማለት ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም። የጻፈችውን ሰርዛ አዲስ ወረቀት አወጣች።

አስቴር የነቀዙትን ሦስቱን ወረወረቻቸው። «መጀመሪያ ደህናው ዘር ይቆጠር» ብላ ሰባቱን ደረደረች። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ልጅቷ መግፋት ጀመረች። ይቺ ሬዲዮው ናት አለች። ይቺ ሰው ሁሉ ዘሩን አምኖ የሚሰጠኝ። ይቺ እሑድ፣ በኢሻ ጀርባ ላይ ሆኜ አገር የማየው። እንዲህ እያለች ስድስት ደረሰች። ሰባተኛዋን በጣቷ ያዘቻት።

«ይቺስ፣ እትዬ?»

«ይቺን አልሰጥም። እንግዳ ሲመጣ ኢሻ ጓዳ ያስገባኛል። ዛሬም አንቺ ባትጠሪኝ እዚያው ነበርኩ።»

እኔ እንዳያፈጡባት ብዬ ነበር የማደርገው። ለራሴ እንዲያ ነበር የምነግረው።

ልጅቷ ዕቃዋን ስትሸክፍ ወደኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ወንበሩ እኮ ለተመዘገበው ሁሉ ይሰጣል። ይሄ ዛሬ እንዴት እንዳሉ አውቀን የዛሬ ዓመት ለማስተያየት ነው።»

አስቴር ሳቀች። «በል እንግዲህ፣ በከንቱ ገደልከኝ!»

ሰማያዊው ጃንጥላ እንሰቱ ውስጥ ገብቶ ሳይጠፋ፣ የአስቴርን ቁርበት ከጓዳ አውጥቼ በሩ አጠገብ፣ መንገዱ ከሚታይበት ዘረጋሁ። ከዚያ ወዲያ አላፊው ሁሉ እሷን ሰላም ሳይል አያልፍም ነበር።

ወንበሩም መጣ። በበጋ እሑድ እሑድ እየገፋሁ እወስዳታለሁ፤ ወገቤ አረፈ። ዝናብ ሲጥል ግን ጭቃው ይውጠዋል፤ ክረምቱን ዶሮዎች ሰፈሩበት።

በዓመቱ ልጅቷ ያንኑ ጨርቅ ቋጥራ መጣች። አስቴር ፍሬዎቹን ዳሰሰችና «አሁን ተማርሽ፤ አንድም የነቀዘ የለበት» አለቻት። ከአሥሩ ዘጠኙን ገፋችላት። አሥረኛዋን ደግሞ «ይቺ ለእግሬ ትቅር» አለች።

ልጅቷ ደስ አላት። «ወንበሩ ጠቀመ ማለት ነው።»

«ወንበሩማ ጥሩ ነው፤ ክረምት ግን የዶሮ ነው። የጠቀመኝ በሩ ነው።»

ልጅቷ ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ አየች። «በር የሚል ቦታ የለውም፣ እትዬ።» ትንሽ አሰበችና ጠርዙ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ጻፈችው።

አስቴር ካረፈች ብዙ ዓመት ሆነ። አሁን በሩ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ ከድቶኛል። ባለፈው ሳምንት ከጤና ጣቢያ አንዲት ሠራተኛ መጥታ ስለኔ ስትጠይቅ፣ ምራቴ ቀድማ መለሰች። አይበላም አለች፣ አይጫወትም፣ ቀኑ ሁሉ ጨለማ ሆኖበታል እያለች እንባዋን ጠረገች። ጥሩ ልጅ ናት። ስለምትወደኝ ነው፤ አውቀዋለሁ። እኔም ያኔ ያን ሁሉ ያልኩት አስቴርን ስለምወዳት ነበር።

ድሮ ይህን ሳስታውስ ፊቴ በሐፍረት ይግል ነበር። አሁን የሚሰማኝ ሐፍረት አይደለም። የአስቴር ሳቅ ነው የሚሰማኝ።

«ልጄ፣ ቦሎቄ በሰፌድ አድርገሽ አምጪልኝ» አልኳት ምራቴን። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ዓይኔ ደክሟልና በጣቴ እየዳሰስኩ የነቀዘውን ለይቼ አወጣሁ። ደህናውን እንደ አስቴር ለሠራተኛዋ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ። ገና ስምንት ስደርስ ዝናቡ መጣ።