ከቀሃ ዳር የወጣው ቅርንጫፍ

ይመኙሽ የኮላ ድባ ልጅ ናት። ጎንደር የገባችው በጣሊያን ጊዜ፣ ውሃ ለመቅዳት ተቀጥራ ነው። በቀሃ ወንዝ ዳር አንድ ጣሊያናዊ የዕፀዋት አዋቂ ከባሕር ማዶ ያስመጣውን ሁሉ ይተክል ነበር፤ እሾሃቸው ጣት የሚያህል ቁልቋሎች፣ ቅጠላቸው ጃንጥላ የሚሆን ተክሎች፣ ቅጠሉን አራግፎ ሐምራዊ አበባ ብቻ የሚለብስ ዛፍ። እሷም በእንስራ ውሃ ስታመላልስ የእያንዳንዱን ጠባይ ለየች።

ሰው ሁሉ የሚወደው ግን ያን ቀጭን ቅጠል ያለውን ቁጥቋጦ ነበር፤ ሮዝ አበባው በጋ ከክረምት አይጠፋም። እሱን መልምላ በጨረሰች ቁጥር ጣሊያኑ እጇን ይዞ ወደ ውሃው ወስዶ ያስታጥባታል። «ቬሌኖ» ይላታል። ቃሉ አልገባት ቢል አንድ ቀን በገዛ እጁ ጉሮሮውን አንቆ ዓይኑን ገለበጠ። መርዝ ማለቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

ጣሊያን ሲወጣ ሰውየውም ሄደ። ይመኙሽ ለወራት ማንም ሳያዛት አትክልቱን አጠጣች። በኋላ ከተማው ተረከበውና እሷን አትክልተኛ፣ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ የሚባሉትን ሰው ኃላፊ አደረገ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሕዝቡ ይጎርፋል። ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሡበታል፤ የወገራ ባላገር ቁልቋሉን አይቶ ያማትባል።

በ1945 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አያ ማሩ የተባሉ የማክሰኝት ገበሬ መጥተው ከቁጥቋጦው ሥር ቆሙ።

«ይቺን ሸጋ አበባ ለደጄ አጥር አትሰጪኝም፣ እታለም?»

«ሌላ ይምረጡ፣ አያ ማሩ። ይህ ከብት ይገድላል።»

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ከኋላ ሰምተው ኖሮ፣ «ምነው ይመኙሽ፣ ሰው አበባ ይከለከላል? ይህን ያህል ዓመት እዚህ ቆሞ ማንን ገደለ?» አሏት።

እውነትም አትክልቱ ውስጥ ከብት ገብቶ አያውቅም። ሠላሳ ቅርንጫፍ ቆርጣ በኮባ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። «ቅጠሉን ከብት እንዳይቀምሰው» አለች፤ ደገመችላቸው። እሳቸውም «እሺ፣ እሺ» እያሉ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቅርንጫፎቹ ያዙ። አጥሩ ከሰው ቁመት አለፈ። የማክሰኝት ሰዎች እየመጡ «ያንቺ አበባ የማሩን ቤት ቤተ መንግሥት አስመሰለው» ባሏት ቁጥር ሄጄ ልየው ትላለች፤ ሥራ ይይዛታል።

በአራተኛው ዓመት ክረምቱ ቶሎ ወጣ። መጋቢት ላይ ሣሩም ጭዱም አለቀ። አያ ማሩ አጥሩን መልምለው ቅጠሉን ከደጅ ቆለሉት። በሬዎቹ እርጥቡን ቅጠል አሽትተው ይተዉት ነበር፤ የጠወለገውን ግን ረኃብ አስበላቸው። ከቀትር በኋላ የአንደኛው ጉልበት ከዳው። ሳይመሽ ሁለቱም የእርሻ በሬዎችና አንዲት ላም ተዘረሩ።

በማግስቱ አያ ማሩ ጎንደር መጡ። አልጮኹም።

«ነግረሽኝ ነበር» አሉ። «አራት ዓመት ምንም ሳያደርግ ሲቀር ጊዜ ረሳሁት።»

ይመኙሽ ማንንም አላስፈቀደችም። ዶማ አንሥታ ቁጥቋጦውን ከነሥሩ ነቀለችው። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ሊከለክሏት መጥተው፣ የአያ ማሩን ፊት ሲያዩ «ይቃጠል» አሉ። «አይሆንም፣ ጭሱም መርዝ ነው» አለች። ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ።

ከአያ ማሩ ጋር ማክሰኝት ወርዳ አጥሩን ሲነቅሉ ዋሉ። ሲጨርሱ ጠየቀች፤ «ከዚህ ቆርጦ የወሰደ ሰው አለ?»

የመለሱላት የአያ ማሩ ባለቤት ለተ ማርያም ናቸው።

«የእህቴ ልጅ ስትዳር ለደጇ ወስዳለች። ቄሱም ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር። ከእነሱም ሌላ ሰው ወስዷል፤ ሸጋ ነዋ።»

«ወዴት ወዴት?»

«ማን ያውቃል፣ ልጄ?»

ይመኙሽ ዶማዋን ይዛ ወደ ቄሱ ቤት ተነሣች። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ ቁልቁል አየች። በደረቀው ሜዳ ላይ፣ እዚህም እዚያም በየደጁ፣ ሮዙ አበባ ይታያል። ከብቱ ከውሃ የሚመለስበት ሰዓት ነበር።