የዳዊት ሞተር

ይህን ነገር እስካለፈው እሑድ ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ በየጾሙ መግቢያ እየሄድኩ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ዓርብ ዕለት የበላሁትን ሥጋ ስዘረዝር ቆይቼ ይህችን አንዷን ይዣት እመለስ ነበር። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉኛል፤ እኔም እንደተፈታ ሰው ቀና ብዬ እወጣለሁ። ከዚህ የበለጠ ድፍረት አለ?

ደግ ሰው ነው ይሉኛል። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ሚራክል ማይል የሚባለው ሰፈር ካሉት ሕንፃዎች የአንዱን ፓርኪንግ አስተዳድራለሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ከጓደኞቼ ጋር ምሳ እበላለሁ፣ ሰው ሲሞት ቀድሜ እደርሳለሁ። "ሽመልስ እኮ ወርቅ ነው" ሲሉ እሰማለሁ። በሰማሁ ቁጥር እንቃቸዋለሁ። ሰው እንዴት እንዲህ በቀላሉ ይታለላል? ቀጥሎ ደግሞ ራሴን እንቃለሁ፤ ያኛው ግን ቶሎ ያልፍልኛል።

ነገሩ የስኖውሞቢል ነገር ነው። ፊቱ ላይ ሁለት መንሸራተቻ፣ ከሥሩ የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጥጠው በበረዶ ላይ የሚነዱት። ፌርፋክስ ላይ ይህን ሳነሳ ጠረጴዛው በሳቅ ይሞላ ነበር። "ሐበሻና በረዶ! ሽሜ ደግሞ ሲቀድ አይጣል ነው!" ይሉ ነበር። እነዚህ ሰዎች በረዶ የሚያውቁት ብርጭቆ ውስጥ ነው። ይሳቁ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ሳቃቸው ስለሚጠቅመኝ። የሚስቁበትን ነገር ማንም ጠልቆ አይጠይቅም።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት ሚኒሶታ ነበርኩ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱ ጋሼ ወልዴ የሚባሉ ሰው ከቤታቸው ምድር ቤት አንዲት ክፍል አከራዩኝ። አከራዩኝ ልበል እንጂ ልጃቸው ነው ያደረጉኝ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሳልበላ እንድወጣ አይፈቅዱም ነበር። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ዳዊትና ትንሿ ሄለን። ዳዊት በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ያንስ ነበር። እዚያው የተወለደ፣ አማርኛው የሚኮላተፍ፣ አሮጌ ስኖውሞቢል ሲያይ ግን ፊቱ የሚበራ ወጣት ነበር።

ስለ ሞተር የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ ዳዊት ነው። ያን ጋራዥ አሁንም እናፍቀዋለሁ፤ መናፈቅ መብቴ ይመስል! ካርቡሬተር ፈታተን በጥርስ ብሩሽ እንፈትጋለን። ካንዴላውን አውልቀን በሸሚዛችን ጫፍ እንጠርጋለን። ጣታችን በብርዱ ደንዝዞ ብሎኑ ይወድቅብናል፣ በጉልበታችን ተንበርክከን እንፈልጋለን። የማስነሻውን ገመድ ስንስብ፣ ስንስብ፣ ስንስብ፣ ድንገት አንዴ ይስላል፤ ከዚያ ቤንዚንና ዘይት የተቀላቀለበት ሰማያዊ ጭስ ቤቱን ይሞላዋል፤ እኛም እያሳለን እንጨፍራለን። አዲሶቹን ሞተሮች እንንቃቸው ነበር። ቁልፍ ተጭነህ የሚነሳ ነገር ምኑ ሞተር ነው?

ዳዊት ቢጫ ኮፈን ያለው አሮጌ ስኖውሞቢል ነበረው። እኔም በእሱ ምክር ያንኑ ዓይነት፣ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ገዛሁ። ልዩነቱ የእሱ እጅ ነበር። ሙሉውን በጋ ሲሊንደሩን በሞረድ ሲሞርድ፣ በጣቱ ሲዳስስ፣ እንደገና ሲሞርድ ከረመ። መስከረም ላይ ገጥሞ አስነሳው። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሞተር ነበር፤ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ድምፁ ወደ ላይ ይወጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል። ጋሼ ወልዴ በሩ ላይ ቆመው ሳቁ።

"ይሄ ሞተርህ ጎረመሰ እንዴ ዳዊት? ድምፁ ተሰበረ እኮ!" አሉት።

ዳዊት ግን በረዶውን አላየም። የምንነዳበት ሐይቅ በበረዶ ሳይጠጥር ታመመ፤ የደም ካንሰር ነው ያሉት፣ ብዙም አልቆየም።

ጋሼ ወልዴ ሞተሩን በብርድ ልብስ ሸፈኑት። በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጋራዥ ያወጡታል፣ ገመዱን ስበው ያስነሱታል፣ ነዳጅ ይሰጡታል፣ ድምፁ ጫፉ ላይ ሲሰበር ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል። ከዚያ ያጠፉታል። አይነዱትም፤ ማንም እንዲነዳውም አይፈቅዱም። እትዬ አስካለ በመስኮት እያዩ ያለቅሳሉ።

እኔስ ምን አደርግ ነበር? እንቃቸው ነበር። አዎ፣ ያጎረሱኝን ሰው እንቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሞተር በብርድ ልብስ ይሸፈናል? ብረት ነው እኮ፤ ለብረት ይለቀሳል? አንድ ሽማግሌ ለዓመት አንድ ጊዜ ልቅሶ ብሎ የአገሩን ምርጥ ሞተር ዝገት ያስበላዋል፤ እኔ ደግሞ የራሴን ቆሻሻ ስገፋ እውላለሁ። እንዲህ ነበር የማስበው። በደል ከመሥራቴ በፊት መናቅ ነበረብኝ፤ ካልናቁት ሰው ላይ እንዴት ተደርጎ ይሰረቃል?

አንድ ዓመት ክረምቱ ገብቶ ሐይቁ ላይ የአሮጌ ስኖውሞቢሎች ውድድር ሊደረግ ሲል የእኔ ሞተር ተቃጠለ። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ። በዚያው ሰሞን ጋሼ ወልዴ ቤተሰባቸውን ይዘው ሌላ ከተማ ሰርግ ሄዱ። "ቤቱን አደራ" አሉኝ። አደራውንም ተቀበልኩ። መኪናቸው መንገዱን እንደታጠፈ ጋራዥ ገባሁ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ፣ የዳዊትን ሞተር ፈትቼ በእኔው ላይ ገጠምኩ፣ የሞተውን የእኔን ደግሞ ቢጫው ኮፈን ሥር ቀበርኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ እያፏጨሁ። ከውድድሩ በኋላ እመልሰዋለሁ ብያለሁ ለራሴ። ሌባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።

የውድድሩ ቀን ጋሼ ወልዴ ሊያበረታቱኝ መጡ። ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ሐይቁ ዳር ቆሙ። መነሻው ላይ ነዳጅ ስሰጠው ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ተሰበረ። ዞር ብዬ አየኋቸው። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄዷል።

አሸነፍኩ። ጣሳ የምታህል ዋንጫ ሰጡኝ። ጋሼ ወልዴ በበረዶው እየተንሸራተቱ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

"ሽመልስ፣ ይሄ ድምፅ... የዳዊት አይደለም?"

"ኧረ ጋሼ! ያረጀ ሞተር ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጮኸው" አልኳቸው።

"የእሱ መሰለኝ። እምልልሃለሁ፣ የእሱ መሰለኝ።"

"ናፍቀውት ነው ጋሼ። ናፍቆት ነው።"

ሌላ ውሸት ብዋሽ በተሻለ ነበር። እኔ ግን በልጃቸው ናፍቆት ነው የሸፈንኩት።

ሞተሩን አልመለስኩትም። ዋንጫዋ ጣፈጠችኝና ለሌላ ውድድር ተመዘገብኩ፤ በዚህ መሐል ሙት ዓመቱ ደረሰ። ጋሼ ወልዴ ቢጫውን ስኖውሞቢል ወደ ግቢው አወጡ፣ ገመዱን ሳቡ። አልነቃነቅ አለ። ሁለት እጃቸውን አድርገው፣ እግራቸውን አንፈራጠው ሳቡ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ካንዴላውን አውልቄ በባትሪ ወደ ውስጥ አየሁ፤ ምን እንዳለ የማላውቅ ይመስል አየሁ።

"ተቃጥሏል ጋሼ። ተጣብቋል" አልኳቸው።

በረዶው ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ ነኝ" አሉ። "አምና ሳስነሳው ዘይቱን አሳንሼ ነው። እኔ ነኝ ያቃጠልኩበት፣ አስካለ! የልጄን ሞተር ገደልኩት!"

አይደሉም አላልኩም። ዘይቱን አሳንሰው ይሆናል ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ወልዴ ጋራዥ አልገቡም። ሐይቁ ላይ የዳዊትን ሞተር እንደሰሙ ግን ደጋግመው ያወሩ ነበር። እትዬ አስካለ ደነገጡ፤ ባለቤታቸው የሌለ ድምፅ መስማት የጀመሩ መሰላቸው። ጠበል ወሰዷቸው፣ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው፣ የሚያፈዝ ኪኒን ተሰጣቸው። አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ጠርተውኝ "ሽሜዬ፣ አንተ እንኳ ንገረው፤ አንተን ይሰማሃል" አሉኝ። ነገርኳቸው። ጋሼ ወልዴን ምንም አልሰሙም አልኳቸው። በጸደዩ ስኖውሞቢሌን ከነዳዊት ሞተር ለአንድ መንገደኛ ሸጬ ወደ ሎስ አንጀለስ መጣሁ። ሲሸኙኝ ጋሼ ወልዴ መርቀውኝ የዳዊትን መፍቻዎች ሰጡኝ። ተቀበልኩ። እንዴት እጄ አልደረቀም?

ዓመታት አለፉ። እትዬ አስካለ ሞቱ፤ ሄለን ኖርዝ ሆሊውድ ትኖራለችና አባቷን ወደ ራሷ አመጣቻቸው። አንድ እሑድ ፌርፋክስ ላይ ምሳ ስበላ በሩ ተከፍቶ ገቡ። አይተውኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ይመጣሉ፤ ሲመለሱ እኔ ነኝ የማደርሳቸው። በጠረጴዛው ዙሪያ "ይሄ ልጅ ሐይቅ ላይ ነድቶ ፈረንጁን ሁሉ ቀደመ" እያሉ ያወሩልኛል። ጓደኞቼም "አሃ፣ እውነት ኖሯል!" ይላሉ። ያጨበጭቡልኛል፣ ደደቦች።

ባለፈው እሑድ ሄለን አባቷን ልታደርስ መጥታ ወደ ጎን ጠራችኝ።

"ሽሜ፣ አባዬን ሜሞሪ ኬር ላስገባው ነው፣ የሚረሱ ሰዎች የሚጠበቁበት ቤት። ጋዙን ይረሳል፣ ቁልፉን ይረሳል። ሶ፣ ዶክተሩ የሌለ ድምፅ መስማት የጀመረው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ሐይቁ ላይ ነው፣ አይደል? አንተ ነበርክ።"

"አዎ" አልኳት።

"ኦኬ። እማዬም እንደዚያ ነበር የምትለኝ። ቦታው በሩ ይቆለፋል፣ ግን ጥሩ ቦታ ነው።" ዓይኗን ጠርጋ ሄደች።

አዎ አልኳት። አያችሁት? ያረጀ በደል አይደለም የምናዘዘው፤ ያለፈው እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ እንደ አዲስ ሠርቼዋለሁ።

ታዲያ ለምን ተናገርኩ? ሕሊናዬ ነቅቶ ነው እንዳልል አፍራለሁ። መኪናዬ ውስጥ ጋሼ ወልዴ ቀበቷቸውን እያሰሩ "ሄለን የሆነ ቤት ልታስገባኝ ነው" አሉኝ። "ልክ ነች። እኔ እኮ ጆሮዬን ካላመንኩት ቆየሁ።" ወደ ኖርዝ ሆሊውድ የሚያሻግረውን ዳገት እየወጣን ነበር። አፌ ቀደመኝ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ሐይቁ ላይ የሰሙት የዳዊት ሞተር ነው።"

"ምን አልክ?"

"እኔ ነኝ የወሰድኩት። የተቃጠለውን የራሴን አስገባሁበት።"

ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁለቱን ስንጀምር ወደ እኔ ዞሩ። 

"ጆሮዬ ልክ ነበረ?"

"ልክ ነበረ።"

"ዘይቱስ? እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ አይደሉም።"

"አስካለ 'ልብህን ጠብቅ ወልዴ' እያለችኝ ነው የሞተችው። አብዷል ብላ ነው የሞተችው።" ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው "የት አደረስከው?" አሉኝ።

"ሸጥኩት።"

"ለማን?"

"ስሙን አልጠየቅኩም።"

ቤት ስንደርስ ሄለን በሩን ከፈተች። "ንገራት" አሉኝ። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት።

"ኖ። ቅድም ጠይቄህ አዎ አልከኝ እኮ! ለምን?"

"ስለሚቀል" አልኳት። በሕይወቴ ከሰጠሁት መልስ ሁሉ እውነተኛው ይኸው ነው።

ጋሼ ወልዴ ደፉን ከተሻገሩ በኋላ ዞር አሉ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉኝ። "ስትነዳው እንዴት ነበረ?"

መዋሸት አልቻልኩም። "ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ነድቼ አላውቅም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱ አንድ ቀን እንኳ አልነዳውም" ብለው ገቡ። ሄለን በሩን ዘጋች።

ረቡዕ ዕለት መልእክት ላከችልኝ። ለዶክተሩ ነግራዋለች፣ አባቷ ከእሷ ጋር ይቆያሉ፣ ሁለተኛ እንዳልደውል። ዛሬ እሑድ ደግሞ ፌርፋክስ ላይ "ጋሼ ወልዴስ?" ሲሉኝ "እኔ ዘንድ አይመጡም" አልኩና ወጣሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችለው ሰው በሩን ዘግቷል፤ ሌላዋ በመቃብር ናት። እናንተ ደግሞ ብትምሩኝ ምን ይረባኛል? አልተጸጸትክም እንዴ ለምትሉኝ ልንገራችሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ በረዶው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ አይደሉም። ሐይቁ ነው የሚመጣብኝ፤ ነጭ፣ ሰፊ፣ ነፋሱ ፊቴን ሲቆርጠኝ፣ ያ ድምፅ ከሥሬ ሲወጣ። ከሙት የተሰረቀ ደስታ መሆኑን እያወቅኩ፣ አሁንም ይጣፍጠኛል።