ብቻዋን የምትመጣው ወፍ

ጉንፋን ጥሎኝ ሰሞኑን ከወልድያ ዳር ከተከራየኋት ክፍል ሳልወጣ ሰነበትኩ፤ ዛሬ ጠዋት ታዲያ ከመስኮቴ ፊት ለፊት፣ የጎረቤት ዲሽ ላይ፣ አንዲት አፈር የመሰለች፣ ጉሮሮዋ ሥር ብቻ ቢጫ ጣል ያለባት ትንሽ ወፍ ቁጭ ብላ ስታንቆረቁረው፣ የባጃጁ ጩኸት ሁሉ ጠፍቶኝ በሐሳብ የልጅነት አገሬ ግራና ገብቼ፣ ማሽላችን መሀል፣ ማማው ላይ ወጥቼ ቁጭ አልኩ።

ማሽላ ሲያሽት እኛ ልጆች ከማማ አንወርድም ነበር። ማማ ባላ ላይ የተረበረበ ቆጥ ነው፤ ፀሐዩ ከላይ፣ ትንኙ ከጎን ይበላናል። ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ባልም ልጅም የሌላቸው ጎረቤታችን እመት ዘሃራ የራሳቸውን ማሽላ ይጠብቃሉ። ግሪሳ እንደ ደመና ሲወርድ ጅራፋቸውን እያጮሁ፣ ወንጭፋቸውን እያሽከረከሩ የሚያወርዱት ስድብ፣ ወይ ጉድ! ግሪሳው ባይሰማም እኔ ተምሬዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ሲያመልጠኝ የእናቴን ቁንጥጫ ቀምሼበታለሁ። እንደ ዛሬዋ ያለችውን ባለ ቢጫ ጉሮሮ ወፍ ግን አይነኳትም። ቁልቋሉ ላይ ትዘፍንና ወርዳ ከማሽላቸው ትለቅማለች። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ተያት ልጄ፣ ብቻውን የመጣ እንግዳ አይባረርም" አሉኝ።

የጠባቂ ሁሉ ደንብ ደግሞ መጠራራት ነበር። ድምፅ ሲጠፋ አንዱ ከማማው ላይ ይጣራል፤ የተጠራው "አለሁ!" ካላለ፣ ግሪሳ ማሽላውን ቢጨርሰውም እንኳ ወርዶ ማየት ግድ ነው። አንድ ቀን ቀትር ላይ "እመት ዘሃራ፣ አሉ ወይ?" ብል፣ ብል፣ መልስ የለም። ወፏ ብቻ ትዘፍናለች። ወርጄ ሮጥኩ። ወባ ጥሏቸው ማማቸው ላይ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። ጮኼ ሰው ጠራሁ፤ በቃሬዛ አድርገው መርሳ ከተማ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ስመለስ የእኛን ማሽላ ግሪሳ አራግፎታል፤ አባቴ ግን አልተቆጣኝም። እመት ዘሃራ ድነው ሲመጡ አገጬን ይዘው፣ "አላህ ያኑርሽ፣ ዝም ማለቴን ሰማሽልኝ" አሉኝ።

ዛሬ እሳቸውም የሉ፣ ማማውም የለ፤ የማሽላው ቦታ ማንጎ ቆሞበታል አሉ። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ይደውላሉ፣ እሑድ ደግሞ ገና ነው። ግቢው በተከራይ ጢም ብሏል፤ የኔ በር ሳይከፈት መሰንበቱን ግን ልብ ያለ የለም። አልፈርድባቸውም፣ ሁሉም ሩጫ ላይ ነው። ግን ከፋኝ፣ ምን እዋሻለሁ፤ ከጉንፋኑ ይልቅ ብቸኝነቱ አጥንቴ ድረስ ገባ።

ወፏ አሁንም ዲሹ ላይ ናት። ዘፍና ዘፍና ጸጥ ስትል፣ ከአልጋዬ ሳልነሳ፣ በተዘጋ ድምፄ፣ "አለሁ!" አልኳት።