ዐዋጢፍ ከባምባሲ ስትመለስ

ዐዋጢፍ ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስትመለስ ያየችውን ፍዳ ለጠላትም አይስጥ! እህቷ ዘንድ ዐሥር ቀን ልረፍ ብላ ሄዳ ነበር፤ ያን ሁሉ ዕረፍት መንገዱ በሁለት ቀን አራገፈላት። ዘመኑ መኪና በወሬም ያልተሰማበት ነው፤ ያለው እግርና አህያ ብቻ። ልጇ ኸድራ ደግሞ የመጀመሪያዋን አርግዛ ወሯ ገብቷል። «ሳትወልጂ እደርሳለሁ፤ እጄን ይዘሽ ነው የምታምጪው» ብላ ምላላታለች።

አህያዋ የባሏ ወንድም የሻዕባን ናት፤ እየነዳ የሚሸኛትም እሱ ነው። ሻዕባን ክፉ ሰው አይደለም፤ ጣጣው ዘመድ የሌለበት መንደር አለመኖሩ ነው። በዘመድ ደጅ ሳይቀምሱ ማለፍ ደግሞ ነውር! አንዱ ቤት ገንፎ፣ ሌላው ቤት ባሚያ፣ ሦስተኛው ቤት እንደገና ገንፎ። ሰላምታውማ አያልቅም። «ልጆቹ ደህና? ፍየሎቹ ደህና? ማሽላው ደህና?» ወላሂ፣ ውሻውን እንኳ ሳይጠይቅ አላለፈም።

«ሻዕባን፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እንሂድ!»

«የኸድራ እናት፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላታል፣ ገንፎውን እየጠቀለለ።

«አንተ ስትጠቀልል ልጄ ትወልዳለች!»

በማግስቱ ደግሞ አህያዋ ከነጭነቷ ጅረት ውስጥ ተኛች። እህቷ ለአራስ ቤት ብላ የሰጠቻት ማር ከነቅሉ ተሰብሮ ውሃ በላው። ሻዕባን ሳቀ። ዐዋጢፍ ድንጋይ አንስታ መልሳ ጣለችው።

ሠፈራቸው ሊደርሱ የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀራቸው የሻዕባን እህት፣ የአዋላጇ የኡምኩልሱም ቤት ብቅ አለ። «እዚህስ ሳንገባ አናልፍም» አለ ሻዕባን። ይኼኔ ዐዋጢፍ ፈነዳች።

«አልገባም! ኡምኩልሱምም ትቀየመኝ፣ አገሩም ይቀየመኝ፣ አልገባም! አንተና ሆድህ እዚሁ ክረሙ!»

ነጠላዋን አጥብቃ ብቻዋን ገሰገሰች። ትንሽ እንደራቀች ሻዕባን ከኋላዋ ሲጣራ ሰማች፤ ዞር ብላም አላየችው።

ቤቷ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ጎረቤቷ ዓኢሻ ወጣች።

«ኸድራን ጎህ ሲቀድ ምጥ ያዛት። አንቺ ስላልነበርሽ ኡምኩልሱም ቤት ወሰድናት። በዚያ አይደል እንዴ የመጣሽው?»

ዐዋጢፍ የመጣችበትን መንገድ እየሮጠች ተመለሰች።

ስትገባ ኸድራ ሴት ልጅ ታቅፋ ጋደም ብላለች። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ዐዋጢፍ ልትስማት ጎንበስ ስትል ኸድራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እናቴ፣ በደጅ ስታልፊ ድምፅሽን ሰማሁት» አለች ቀስ ብላ። «ያኔ ምጡ ጠንቶብኝ ነበር። ጠራሁሽ። አንቺ አልገባም እያልሽ ትጮኺ ነበር።»