ሃያ ሚሊባር

ኮረብታው ላይ ባለችው የአየር ሁኔታ ጣቢያ ሁለት ሰዎች ይሠራሉ፤ አይነጋገሩም። አንዷ ለሃያ ሁለት ዓመት መለኪያ ስታነብ የኖረች፣ ወደቡ ሁሉ «እትዬ ግፊት» የሚላት ሴትዮ ናት። ሌላው በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል ኃላፊዋ ነው። ባለፈው ወር እሷ የማዕበል ማስጠንቀቂያ ሰቅላ ማዕበሉ ሳይመጣ በመቅረቱ፣ ጀልባ እንዳይወጣ የሚሰቀለውን ቀዩን ባንዲራ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዙን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ እሷም ዓይኗ እያየ አታነብም። እልኸኛ ናት፣ ምን ይደረግ!

ሥራዋ ሲያዩት ቀላል ነው። አየር ክብደት አለው፤ ከፍ ባልን ቁጥር ከበላያችን የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ኮረብታው ላይ የተነበበው ቁጥር በባሕር ጠለል ልክ እንዲሆን ሃያ ሚሊባር ይደመርበታል፤ ድምሩ ከወትሮው በጣም ከወረደ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሃያ ስትደምር ኖራለች፤ እጇ ሳይታዘዝ ይደምራል።

የዚያን ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሟ፣ የዓሣ ጀልባ ያለው፣ ፊቱን አጨፍግጎ በሩ ላይ ቆመ።

«ዛሬስ ልታስሪን ነው?»

መለኪያው ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሁለት ይላል። ሃያ ደመረችበት።

«አንድ ሺህ አሥራ ሁለት። ሰላም ነው። ሂድ፣ ከፊቴ ጥፋ።»

«እትዬ፣ እኔን የሚያስፈራኝ አንቺ ሂድ ስትዪ ነው» ብሏት ወረደ።

አንድ ተኩል ላይ በመስኮት ወደ ባሕሩ አየች። ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ንፋስ የለም፤ ባሕሩ ግን ከሩቅ ነጭ እየሆነ ነው። የባሕሩ ወለል ከወደቡ ተነስቶ እንደ በረንዳ ጥቂት ይዘልቅና በድንገት ገደል ይሆናል። ከጥልቁ የመጣ ማዕበል ያን በረንዳ ሲረግጥ ሥሩ ይያዝና ሽቅብ ይነሳል። ያለ ንፋስ እዚያ ጋ ከተነሳ፣ ራቅ ብሎ አውሎ ነፋስ አለ፤ እየመጣም ነው። ታዲያ ቁጥሩ ለምን ሰላም አለ? ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። የመጨረሻውን ወረቀት ገንጥላ አነበበች፦ «መለኪያው ከትናንት ጀምሮ የባሕር ጠለሉን ግፊት በቀጥታ እንዲያሳይ ተስተካክሏል። ከእንግዲህ ምንም አይደመር።»

ግፊቱ ያለ ልክ ወርዶ ሳለ ሃያ ሚሊባር ከኪሷ መርቃለታለች።

እየሮጠች ኃላፊው ቢሮ ገባች። «ቁልፉን አምጣ! ተሳስቻለሁ፤ አውሎ ነፋስ ነው፣ ጀልባዎቹ እየወጡ ነው!»

ቀና ብሎ አያት። «ስህተቱ የእርስዎ ብቻ መሆኑን በጽሑፍ ይስጡኝ።»

«ሰው ባሕር ላይ ነው እያልኩህ!»

«ባለፈው በእርስዎ ጦስ የተሰደብኩት እኔ ነኝ። ይጻፉ።»

ጠላችው። እንደዚያ ሰው ጠልታ አታውቅም። ጻፈች። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ግድግዳው ላይ ስለተለጠፈው ትእዛዝም አስጨመራት፤ ማህተም ፈልጎ መታበት፤ ፋይል ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቁልፉን ሰጣት። ጀልባዎቹ ሬዲዮ የላቸውም፤ የሚያዩት ኮረብታውን ነው። ባንዲራው ሲሰቀል ሁሉም ፊታቸውን ወደ ወደቡ አዞሩ። የወንድሟ ጀልባ ግን ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ከበረንዳው ጫፍ አልፏል፤ ከዓይኗ ተሰወረ።

ማታ ሊሆን ሲል ወንድሟ ግራ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አሸዋና ጨው እንደለበሰ ጣቢያው መጣ። ጀልባው እንክትክቱ ወጥቷል፤ እሱን ማዕበሉ ዳር ላይ ተፍቶታል።

«ሰላም ነው ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

ኃላፊው ፈጠን ብሎ ደብዳቤውን አቀበለው። «በራሳቸው እጅ ነው የጻፉት። ይመልከቱት።»

ወንድሟ ተመለከተው። እሷ ሰዓት ሳታስቀድም አንድ መስመር አትጽፍም፤ የሙያዋ ልማድ ነው። ደብዳቤው አናት ላይ «አንድ ሰዓት ከአርባ» ይላል። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የዕለቱ መዝገብ ደግሞ በዚያው እጅ ጽሑፍ «ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ ባንዲራ ተሰቀለ» ይላል። አንዱን ካንዱ ደጋግሞ አስተያየ። የባንዲራው ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ወደቡ ሁሉ ያውቃል።

«ከእሷ ጋር ቤታችን ሄደን እንጣላለን» አለ፣ ደብዳቤውን ኃላፊው ደረት ላይ ለጥፎ። «አንተ ግን እዚሁ ንገረኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ምን ስታደርግ ነበር?»