ጺሜና የአባባ አርባ

እኔ እሳት የምፈራ ሰው አይደለሁም። ኮልፌ ገበያ ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ቤቴ ግማሽ ዕድሜዬን ብረት ስበይድ ኖሬያለሁ፤ ፍንጣሪ ደረቴ ላይ ሲያርፍ እንደ ዝንብ እሽ ብዬ አባርረዋለሁ። ጺሜን ደግሞ አታንሱት። በኮልፌ ቀራንዮ ምድር እንደ እኔ ጺም የበቀለበት ወንድ አልተፈጠረም። ጠዋት ተላጭቼ ታክሲ ስሳፈር፣ ሳንሱሲ ሳልደርስ አድጎ ወያላው «አባ፣ ጠጋ በሉ» ይለኛል። የሰፈራችን ባለሱቅ ልጆቹን ያስተማረው ለእኔ አገጭ ምላጭ እየሸጠ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጺም ግማሹ የሚያድገው ወደ ውጭ አልነበረም። ወደ ውስጥ ነበር።

ጠጉሬ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ነው። በምላጭ በቆረጥኩት ቁጥር ጫፉ እንደ መርፌ ሾሎ ይወጣና፣ ዓለምን አየት አድርጎ የጠላው ይመስል፣ ዞሮ የገዛ ቆዳዬን በስቶ ይገባል። ከዚያ ያብጣል፤ መግል ይይዛል። አንገቴና ከአገጬ ሥር ያለው ቆዳ በርበሬ የተሰጣበት ሰሌን መስሎ ነበር የሚውለው። ወረንጦ ይዤ መስታወት ፊት ቆሜ የገባውን ጠጉር ስቆፍር፣ አንዱን ሳወጣ ሁለት ጠባሳ እተክላለሁ። ነጭ ሸሚዝ ከለበስኩ ኮሌታዬ ላይ ደም አይጠፋም። አንድ ጊዜማ ደንበኛዬ በር ሊያሠራ መጥቶ አንገቴን ሲያይ፣ ሰው ተጣልቶ ያነቀኝ መስሎት በሩን ለሌላ ሰጠ።

አትላጭ ይሉኛል። ጺም አሳድጌ መበየድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ፍንጣሪ ይገባበትና ቤቱ ሁሉ ዶሮ እንደተለበለበ ይሸታል።

ለዚህ አንገት ከእኔ በላይ የተጨነቁት የሚስቴ አባት ነበሩ። አባባ ነው የምላቸው። ከጎጃም በወጣትነታቸው መጥተው ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ ቤት የሠሩ፣ ጥቂት ተናግረው ብዙ የሚያዩ ሽማግሌ። ቀልዴን ከቤተሰቡ ሁሉ የሚወዱት እሳቸው ናቸው፤ ወሬ ሲደርቅባቸው «ያንን ቀላጅ ጥሩልኝ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ጉንጬን ሲስሙኝ ቆይተው፣ አገጬን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ የሰውን ብረት ስታለሰልስ ትውላለህ። ይኼን የራስህን ማን ያለስልስልህ?»

መጀመሪያ ጠበል ወሰዱኝ። ቀጥለው ራሳቸው፣ ጠበሉ ነፍስህን ይጠብቅልህ፣ ለቆዳህ ግን ሐኪም ፈልግ አሉኝ። የቆዳ ሐኪሟ አንገቴን አይታ አልሳቀችም፤ ይህ ነገር ጠጉረ ጥቅልል የሆነ ወንድ ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ ቅባቱ እብጠቱን ያበርዳል እንጂ እስከተላጨህ ድረስ ይመለሳል አለችኝ። ወይ አሳድገው፣ ወይ ሥሩን በሌዘር እናድርቀው። ለእንዲህ ያለ ጥቁር ቆዳ የሚሆን ማሽን አለ፤ ለቆዳህ ወደማይሆን ማሽን ከሄድክ ግን ትቃጠላለህ ብላ አስጠነቀቀችኝ። ወረንጦውንም ከለከለችኝ። ጨረሩ ሥሩን የሚያገኘው ጠጉሩን ተከትሎ ነውና፣ ነቅለህ ከመጣህ የሚይዘው የለውም፤ ከቀጠሮህ በፊት ተላጭተህ ብቻ ና።

የተላክሁበት የሌዘር ቤት ስገባ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሴቶች ነበሩ። እኔ የብየዳ ጫማ አድርጌ፣ ግራሶ የጠገበ እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ መሃላቸው ተቀመጥኩ። አንዷ ሚስቴን እየጠበቅሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ስሜ ሲጠራ ሚስቴን ትቼ ገባሁ።

ነርሷ መነጽር ስታስርልኝ፣ እኔ እኮ በያጅ ነኝ፣ ብርሃን ለእኔ ወንድሜ ነው ብዬ ጎረርኩ። ቀዝቃዛ ጄል ቀባችኝና ጀመረች። አንገቴ ላይ እንደ ተወጠረ ላስቲክ ጧ፣ ጧ ይላል፤ ቻልኩት። የላይኛው ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ግን በመነጽሩ ሥር የሆነ ነገር ተፈጠረ።

«ጋሼ፣ ያምዎታል?»

«ኧረ። መነጽሩ ጠብቆኝ ነው።»

መነጽሩን አላላችልኝ፤ ለዓይኔም ሶፍት ሰጠችኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም። እግዜር ይስጣት።

በየተወሰነ ሳምንት ስመላለስ ወራት ሄዱ። የት እንደምሄድ የነገርኩት ለሚስቴና ለአባባ ብቻ ነው። ለሰፈሩ ላሜራ ልገዛ ነው የምለው፤ የገዛሁት ላሜራ እውነት ቢሆን ኮልፌን በሙሉ ጣሪያ አለብስ ነበር። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ጺሙም አብሮ ሳሳ። አባባ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ አንድ ቀጠሮ ነበረኝ፤ እርስዎ ታመው እንዴት ሄጄ እቆነጃለሁ ብዬ ልቀር ስል ተቆጡኝ። የጀመርከውን ጨርስ፣ አንገትህን ንጹሕ ሳላየው አልሄድም አሉ። ሄድኩ። ስመለስ ዳሰሱት። «አሁን ሰው መሰልክ» አሉ። ብዙም አልቆዩም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። በእኛ ዘንድ ሬሳ ከወጣበት ቀን አንሥቶ የቤቱ ወንድ ምላጭ አይነካም። ልጅም ይሁን አማች፣ እስከ አርባ ድረስ ጺሙ ያድጋል፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሐዘንተኛውን የሚለየው ከፊቱ ነው። እኔ ይህን ሳላውቀው አይደለም። የሌዘሩ ቤት ውስጥ ጋደም ብዬ ጺሜ ሲቃጠል ግን ስለ ሞት ማን ያስባል?

በሰልስቱ የወንዶቹ ሁሉ አገጭ ጠቁሮ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሽበትና ጥቁሩ ተቀላቅሎ መነኩሴ መሰሉ። የእኔ ግን እንደ ድርቅ ዓመት ጤፍ እዚህ አንዲት፣ እዚያ አንዲት ቆማ፣ መሃሉ እንደ ሕፃን መቀመጫ ለስልሶ ያበራል።

የሚስቴ ታላቅ ወንድም ፊት ለፊቴ ነበር የሚቀመጠው። አባቱን የሚወድ፣ ቆፍጣና ሰው ነው፤ እህቱን ካገባሁ ጀምሮ በቀልዴ አንድ ቀን ስቆ አያውቅም። መጀመሪያ ዝም ብሎ አገጬን ያይ ነበር። ቡና ሲመጣም አገጬን፣ ካህን ሲገባም አገጬን። አንድ ቀን ሰው ቀለል ሲል ጠጋ አለኝ።

«ምላጭ ነካህ እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ጺሜ በሐዘን ደንግጦ ነው።»

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ለቅሶ ቤት፣ ለሟች ልጅ። አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ዞር ብሎ ሄደ፤ ያ ከቁጣ ይከፋ ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ከወንድምየው ጋር እናታቸው ቤት ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጠራ። የሌዘሩን ቤት «ላሜራ» ብዬ ነው የመዘገብኩት። የእኔ ስልክ ድምፁ በብየዳና በመፍጫ ጩኸት መሃል እንዲሰማ የተከፈተ ነውና፣ የነርሷ ድምፅ እንደ ስብከት ቤቱን ሞላው።

«ጋሼ፣ ቀጠሮዎን እንዳይረሱ። ከመምጣትዎ በፊት ተላጭተው ይምጡ፣ እሺ?»

«ላሜራው ይቆይ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ወንድምየው ተነሥቶ ወጣ። ያን ቀን ማታውኑ ለሚስቴ ደውሎ ነገራት። የአባቱን ሐዘን የላጨ ሰው በአርባው ከቤተሰቡ ወንዶች ጋር አይቀመጥም፤ መምጣት ከፈለገ እንደ ሩቅ ሰው መጥቶ፣ በልቶ ይሂድ። ሚስቴ ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ፣ ወንድሜን ከባሌ እንድመርጥ አታድርገኝ፣ ወይ አንተ ንገረው፣ ወይ እኔ እነግረዋለሁ አለች። ለምኜ ያዝኳት።

ለምን አትናገርም ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ንገሩኝ፣ በምን አፍ ልናገር? በያጅ ሆኜ ከሴቶች ጋር ተሰልፌ ጠጉሬን በጨረር አስነቀልኩ ብል፣ የኮልፌ በያጅ ሁሉ መዶሻውን ጥሎ ይስቃል። እሱስ ይሁን። የባሰው ሌላ ነው። አባትህ አልጋ ላይ ሆነው እኔ ቆንጆ ልሆን ሄጄ ነበር ልበለው? እሳቸው ናቸው ሂድ ያሉኝ ብልስ ማን ያምነኛል? ዕድሜዬን ሙሉ ቀልጄ፣ ለአንዲት እውነት የሚሆን ዱቤ የሚሰጠኝ ሰው የለም። ምስክሬ አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውን ቀብረናል።

የአርባው ዕለት ጠዋት ሚስቴ ቀድማ ወጥታ ነበር። መስታወት ፊት ቆምኩ። ከልማድ ወረንጦዬን ፈለግሁ፤ የሚነቀል የለ። ዓይኔ የሚስቴ ኩል ላይ ዐረፈ።

አትፍረዱብኝ። ከርቀት ሲያዩት ጺም ነው። አገጬ ላይ ቀብቼ ትንሽ በጣቴ አደባለቅሁት፤ እዚህ ጠቆር፣ እዚያ ፈዘዝ። እንደ እኔ ቀለም መቀባት የሚያውቅ የለም፤ ስንት ዝገት የበላውን በር አዲስ አስመስዬ ሸጫለሁ።

ፍትሐቱ አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ድንኳኑ ሞልቷል። ነጠላዬን እስከ ጆሮዬ ተከናንቤ የቤተሰቡ ወንዶች አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ የድንኳኑን ሸራ አናት አናቱን ይለዋል። ውስጡ እንደ ምድጃ ነው። ወንድምየው እንግዳ እያስተናገደ ሁለት ጊዜ በፊቴ አለፈ፤ ሁለት ጊዜ አገጬን አየ፤ ሁለተኛው ላይ ቅንድቡ ተነሣ። ሊያምን ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አንገቴ ላይ አንድ ነገር ሲንፏቀቅ ተሰማኝ።

ነጠላዬን ዝቅ ብዬ ሳየው ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ሚስቴ ከሴቶቹ በኩል አየችኝ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልነሣ ስል ወንድምየው ፊቴ ቆሟል። አውራ ጣቱን አገጬ ላይ አሳርፎ ወደ ታች ሳበው። ጣቱን አየ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ጣቱን አዩ። ወሬው ከእኛ ጀምሮ እየበረደ እየበረደ እስከ በሩ ድረስ ጸጥ አለ።

«ተነሥ» አለኝ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ከአባቴ ወንበር ላይ ተነሥ።»

ቀልድ ፈለግሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም አልመጣልኝም። ተነሣሁ።

«ወዲህ አምጡልኝ እሱን» የሚል ድምፅ መጣ። እማማ ናቸው፣ የሚስቴ እናት፤ ጥቁር ለብሰው ፍራሻቸው ላይ እንደተቀመጡ። ሄጄ ተንበረከክሁ። በነጠላቸው ጫፍ አገጬን እንደ ሕፃን ልጅ ጠረጉት፤ ጥቁሩን አዩ፤ ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ቆዳ በእጃቸው ዳሰሱ።

«ኩል ነው» አሉ ለልጃቸው። «ይኼ ልጅ አልተላጨም፤ የሚላጭ ጺም የለውም። በመብራት አስደርቆት ነው። አባትህ ነው ታከም ያለው፤ ታሞ እንኳ ቀጠሮህን እንዳትተው ሲለው እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እሰማ ነበር።»

«እማማ፣ ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«ባሌ አልነበረም እንዴ? ምኑን ይደብቀኛል? ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ ስጠብቅህ፣ አንተ ተኩለህ መጣህ።»

ከሴቶቹ መሃል አንዷ በነጠላዋ ውስጥ ሳቀችና ሳል አስመሰለችው። ወንድምየው ግን እንደቆመ ነው። ጣቱን ያያል፤ እናቱን ያያል። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ ገና አልታወቀም ነበር፤ እኔም እንደተንበረከክሁ ነኝ፤ ኩሉም ገና ይወርዳል።

ይህን ጊዜ አንዲት የሰፈር አሮጊት ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይ ልጄ፣ ልጅነት በሥጋ ብቻ አይደለም፤ ይኸው አማች ሆኖ፣ እንባው ነው እኮ ያን ሁሉ ኩል ያወረደው» አሉ።

ወንድምየው ይህን ሲሰማ ትከሻው ወረደ። መጥቶ ክንዴን ይዞ አነሣኝ፤ ወንበሩ ላይ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ሶፍት ሰጠኝ። «ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለ፤ የእሱም ዓይን ቀልቷል። «በቃ፣ አታልቅስ።»

አንገቴን ደፋሁ። እንባዬን የምጠርግ መስዬ ፊቴን ጠረግሁ፤ ወንድምየው እስከ ዛሬም ስለ እኔ ሲያወራ፣ ለአባቴ እንደ እሱ ያለቀሰለት የለም ይላል።

እንባ አልነበረም። ላብ ነበር፤ ፈርቼ። አባባን እወዳቸው ነበር፤ ግን በቀብራቸውም፣ በሰልስታቸውም፣ በአርባቸውም ከዓይኔ ጠብ ያለ ነገር የለም። በዚያ ዓመት ያለቀስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ያየችው ነርሷ ናት፤ ያለቀስኩትም ለላይኛው ከንፈሬ ነው።